ከሜትሩ በፊት የሚጠየቀው

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ተናኜ ቢተው መቀስ መያዝ ታውቅ ነበር። ከላምበረት ከፍ ብሎ ባለው የሙያ ማሠልጠኛ የልብስ ስፌት መምህርት ከሆነች አራት ዓመት አልፏታል። ምሥራቅ ጀርመን ሁለት ዓመት ተምራ፣ በማዕረግ ተመርቃ፣ አንድ ወፍራም መጽሐፍ በሻንጣዋ ይዛ የተመለሰች ሴት ናት። መጽሐፉን ራሷ ወደ አማርኛ እየመለሰች፣ እያንዳንዱን ልኬት በሴንቲ ሜትር ሰሌዳ ላይ እየጻፈች ታስተምራለች። የሸሚዝ ቅድ ስትስል ማስመሪያ አትነካም። ታዲያ ምን ጎደላት? አትሉም? አንድ ነገር ጎድሏታል። በሕይወቷ ለአንድም ደንበኛ ልብስ ሰፍታ አታውቅም።

ይህን ደግሞ ማንም አልነገራትም፣ እሷም ጉድለት መሆኑ አልታያትም። ማሠልጠኛው ውስጥ ልብስ የሚለካው ክፍሉ መሐል በቆመ የእንጨት ሰው ላይ ነው። የእንጨት ሰው ደግሞ ሲበዛ ደግ ነው፤ ቢጠበው አያማርር፣ ቢሰፋው አይቆጣ። ትዕዛዝ መጣ ከተባለም የሚመጣው ለመስከረም ሁለት በዓል የባንዲራና የመፈክር ጨርቅ ነው። ቀዩን ጨርቅ ጠርዙን አጥፎ ቀጥ አድርጎ መንዳት ነው፣ አለቀ። ባንዲራ አያድግ፣ ታናሽ ወንድም የለው።

በስድሳ አምስት… ይቅርታ፣ በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት ሰኔ ላይ የማሠልጠኛው ኃላፊ ጓድ አያሌው ቢሮው አስጠራት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ከበላይ የመጣ ወረቀት ሲይዝ ፊቱ እንደ ወረቀቱ ይሆናል።

«ጓድ ተናኜ፣ አምና ካስመረቅሻቸው ስምንት ልጆች ዛሬ ልብስ የሚሰፉት ስንቱ ናቸው?»

ታውቀዋለች። አንዷ ቀበሌ ውስጥ ጸሐፊ ሆናለች፣ ሁለቱ ቤታቸው ተቀምጠዋል፣ አንዱ ላምበረት አውቶቡስ ላይ ዕቃ ይጭናል፣ የተቀሩት የት እንደገቡ እንጃ።

«አንድም» አለች።

«የሚመጣው ዓመት ሰኔም እንዲሁ ከሆነ ክፍሉ ይዘጋል። ሲንጀር የስፌት መኪናዎቹም ወደ ሌላ ማሠልጠኛ ይዛወራሉ። እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ ወረቀቱ ነው።»

አሥራ ሁለቱን ሲንጀሮች በየጠዋቱ ዘይት የምትቀባው ራሷ ናት። እግሯ መሬት የነካ ሳይመስላት ወጣች፤ በነጋታው ቀጥታ ሾላ ገበያ ወረደች።

ሾላ ላይ ከቅመም ተራው ጀርባ የልብስ ሰፊዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር አለ። አሥር መኪና በአንድ ረጅም የቆርቆሮ ጥላ ሥር ተደርድሯል። ሊቀመንበሩ ጋሽ ኤርሳዶ ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት ፔዳል የረገጡ፣ ቁመታቸው አጠር ያለ፣ ባርኔጣ ከራሳቸው የማይለይ ሰው። የሚጸልዩበት ቤት በመንግሥት ከተዘጋ ወዲህ መዝሙራቸውን ከመኪናው ድምፅ ሥር ደብቀው ነው የሚያንጎራጉሩት። ፔዳሉ ሲቆም መዝሙሩም ይቆማል።

ተናኜ ራሷን አስተዋውቃ፣ ልጆቿን እንዲቀጥሩላት ለመነቻቸው። ጋሽ ኤርሳዶ ብድግ ብለው ወንበር ሰጧት።

«መምህርት፣ አይቀየሙኝ። ከእናንተ የመጡ ሁለት ልጆች ሞክሬ ነበር። ጨርቅ ያበላሻሉ።»

«ምኑን ነው የሚያበላሹት? ስፌታቸው ጠማማ ነው?»

«ስፌታቸውስ እንደ ክር ቀጥ ያለ ነው።»

«ልኬታቸው ይሳሳታል?»

«ኧረ በጭራሽ! ችግሩም እሱ ነው» አሉና ፈገግ አሉ። «ብነግርዎትም አይገባዎትም። ይሄ ነገር በወንበር ተቀምጠው የሚሰሙት አይደለም።»

ኧረ ተናኜን ያየ! ከሾላ እስከ ቤቷ ድረስ ብቻዋን እያወራች ነው የሄደችው። እኔን? እኔን አይገባዎትም? በማዕረግ የተመረቅሁትን? ለአንድ ለሾላ ልብስ ሰፊ ብዬ ነው የምናደደው እያለች ይብስ ተናደደች። ሰፈሯ ስትደርስ ግን ንዴቷ በርዶ ሌላ ነገር መጣባት። አባቷ ነፍሳቸውን ይማረውና «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይሉ ነበር። እሷ እኮ ጠምጥማለች። ጥያቄው ተምራለች ወይ ነው።

በሦስተኛው ቀን ተመልሳ ሄደች።

«ጋሽ ኤርሳዶ፣ ልጆቼን አይቅጠሩ። እኔን ይቅጠሩኝ። ክረምቱን ሙሉ ዕረፍት ነኝ።»

ከመኪናዎቹ ኋላ ሳቅ ተነሣ። ጋሽ ኤርሳዶ አልሳቁም። እጇን ተመለከቱ፣ ጫማዋን ተመለከቱ።

«ቁልፍ ትተክያለሽ» አሉ።

በሁለት ቀን ውስጥ ከእርስዎ ወደ አንቺ ወረደች ማለት ነው። ወንበሩም አልተሰጣት፤ የክር ሣጥን ገልብጣ ተቀመጠች።

ያ ክረምት እንዴት አለፈ ብላችሁ አትጠይቁ። የሾላ ጭቃ እስከ ቁርጭምጭሚት ይይዛል፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሰው ከሰው አይደማመጥም። ሐምሌን በሙሉ ቁልፍ ተከለች። ከዚያ የከሰል ካውያ ሰጧት፤ ሁለት ጣቷን ተቃጠለች። ከማሠልጠኛው የእንጨት ሥራ መምህሩ ገብረዋሕድ ቅመም ሊገዛ መጥቶ አያት። «መምህርቷ ቁልፍ ተካይ ሆነችላችሁ» ብሎ ወሬውን ሠራተኛው ዘንድ አደረሰላት። ሰማች፣ ከንፈሯን ነከሰች፣ በነጋታውም ሄደች። እልኸኛ ናት፤ እልኸኝነቷ አንዳንዴ ያስመርራል፣ ያን ክረምት ግን ጠቀማት።

ነሐሴ ሲያልቅ ሾላ ያብዳል። እንቁጣጣሽ ደረሰ፣ ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው፣ እናት ሁሉ ጨርቅ ጠቅልላ ትመጣለች። ጨርቅ ደግሞ እንደ ልብ የሚገኝ አልነበረም፤ ቀበሌ ተሰልፎ፣ ወረፋ ተጠብቆ የሚገኝ ነው። መቀስ የሚይዝ ሰው ሲያንስ ጊዜ ጋሽ ኤርሳዶ ተናኜን መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ አቆሟት። ልቧ እንዴት እንደዘለለ!

የመጀመሪያ ደንበኛዋ እትዬ ፈለቀች ነበሩ፤ ከጎሮ በኩል ጎመንና ሰላጣ እያመጡ እዚያው ሾላ የሚሸጡ፣ ድምፃቸው ከሦስት ተራ ወዲያ የሚሰማ ሴት። ካኪ ጨርቅና የሰባት ዓመት ልጃቸውን አዲስን ይዘው መጡ። ተናኜ ሜትሯን መዝዛ ልጁን ወገቡን፣ ዳሌውን፣ ከወገብ እስከ ቁርጭምጭሚት ለካችው። ቆረጠች። ሰፋች። ሱሪው አማረ። እንደ ልማዷም ጠረጴዛዋን ጠርጋ ቁራጩን ከጥራጊው ጆንያ ውስጥ ከተተችው፤ ማሠልጠኛ ውስጥ ንጹሕ ጠረጴዛ አምስት ማርክ አለው።

ጳጉሜ ሁለት ቀን እትዬ ፈለቀች መጡ። ልጃቸው አዲስም ሱሪውን ለብሶ ቆመ። «ወይ ማማሩ! ሹም መሰለ!» አለ ገበያተኛው። እናቲቱ ግን ማማሩን አላዩም። ጎንበስ ብለው የሱሪውን ጫፍ ወደ ውጭ ገለበጡት። እጥፋቱ አንዲት ጣት ነበር።

«ትርፉ የታለ?»

«እትዬ፣ ልክ እኮ ነው» አለች ተናኜ፣ በኩራት።

«ልክ?» አሉ እትዬ ፈለቀች። «ልክ የሚሰፋው ለሬሳ ነው! ይሄ ልጅ እኮ ያድጋል! እስከ ፋሲካ ጉልበቱ ላይ ሊደርስ ነው!» ከዚያ ዙሪያውን ቃኙ። «ቁራጬስ?»

«ጠረግሁት።»

አሥሩም መኪና ባንዴ ቆመ። የጋሽ ኤርሳዶም መዝሙር ቆመ።

«ጠረገችው! ሰምታችኋል? ወረፋ አድሬ ያመጣሁትን ጨርቄን በላችው! ሌባ!» ብለው እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። ሰው ተሰበሰበ። ተናኜ ሌባ ስትባል በዕድሜዋ የመጀመሪያዋ ነው፤ መሬት ተከፍቶ ቢውጣት በወደደች።

ጋሽ ኤርሳዶ ተነሡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ለእትዬ ፈለቀች እጅ ነሡ።

«እህቴ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ነገ በዚህ ሰዓት ይምጡ፤ የልብዎ ይደርሳል።»

ሰው ሲበተን ወደ ተናኜ ዞሩ። ይጮኹብኛል ብላ ነበር፤ አልጮኹም።

«ልጁን ስትለኪ መጀመሪያ ምን ጠየቅሽ?»

«ምንም። ወገቡን ለካሁ፣ ከዚያ…»

«ከሜትሩ በፊት የሚጠየቅ አለ። ‹ከሱ በታች ልጅ አለ ወይ?› ተብሎ ይጠየቃል። ከአዲስ በታች ሁለት ወንድሞች አሉ። አንቺ አንድ ልጅ ነው የለካሽው፤ ሱሪው ግን የሦስት ልጅ ነው። ቁራጩ ደግሞ የባለቤቱ ነው። ቁርጥራጩን ሁሉ ጠቅልለሽ፣ በክር አስረሽ፣ ከልብሱ ጋር ትመልሺለታለሽ። የኛ ስም ያለው እዚያች እስር ውስጥ ነው።»

ተናኜ ወፍራሙን መጽሐፏን አሰበች። እዚያ ውስጥ ስለ ታናሽ ወንድም የሚል ገጽ የለም።

የጥራጊውን ጆንያ ጎትታ ጆንያው አፍ ላይ ተንበረከከች። የአሥር ሰው ቁራጭ፣ ክርና ጭቃ ነው ያለበት። የካኪውን ቁራጭ አንድ በአንድ እየለቀመች አሥራ አንድ አወጣች፤ አጠበች፣ በካውያ አደረቀች፣ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋች። ከዚያ ማሰብ ጀመረች፤ አስተማሪ ሆና ሳይሆን ጨርቅ የጠፋባት እናት ሆና። ቁራጮቹን ረዘም ረዘም አድርጋ ቀጠለች፤ የሱሪውን ጫፍ ፈትታ አስረዘመችበትና አራት ጣት ወደ ውስጥ አጠፈችው። ሱሪው ሲፈታ መጋጠሚያው እንዳያሳፍር በላዩ ሁለት መስመር ደርባ ሰፋችበት፣ ጌጥ እንዲመስል። ወገቡንም ከኋላ ከፍታ በተረፈው አሰፋችው። የመጨረሻዎቹን ጥፍር የሚያህሉ ቁራጮች ጠቅልላ በክር አሰረች።

በነጋታው እትዬ ፈለቀች ሱሪውን ገለበጡት። በጣታቸው ለኩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። እስሯን ከፍተው አዩ፣ መልሰው አሰሩ።

«እንዲህ ነው እንጂ» አሉና ሄዱ። ምስጋና አልጨመሩም። ተናኜ ግን ዲፕሎማ ስትቀበል እንኳ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አያውቅም።

መስከረም ላይ ስትሰናበት ጋሽ ኤርሳዶ ሸኟት። «አንቺ ገብቶሻል» አሉ። «ልጆችሽ ይግባቸው አይግባቸው ግን ሰኔ ላይ መጥቼ በዓይኔ አያለሁ። ቃል አልገባም።»

እሷም ቃል አልለመነችም። ክፍሏ ገብታ የእንጨት ሰውዬውን ጥግ አስያዘችው፣ ፊቱንም ወደ ግድግዳ አዞረችው። የዚያን ዓመት ዘጠኝ ተማሪዎቿን ከየጎረቤታቸው ሕፃን እየመራችሁ ኑ አለቻቸው። ክፍሉ በለቅሶና በንፍጥ ተሞላ። ሌሎቹ መምህራን «መዋዕለ ሕፃናት ከፈተች» አሉ። የምታፍር መሰላቸው። መጽሐፉን አልጣለችውም፤ ከፊቱ ግን ሾላን አስቀደመች። ጠረጴዛ ላይ ቁራጭ ጥሎ የተገኘ ተማሪ ምሳ ሰዓት ይለቅማል።

ከተማሪዎቹ ሁሉ የምታሳስባት ገንዘቤ ነበረች። እጇ ወርቅ ነው፤ ግን ዓይነ አፋር ናት፣ ሰው ቀና ብላ አታይም። ለእንጨት ሰው የተፈጠረች ልጅ ነበረች።

ሰኔ ደረሰ። ከተማው ለአሥረኛው የአብዮት በዓል አጥሩን ቀለም እየቀባ ነው። ጓድ አያሌው ወረቀቱን ይዞ የፈተናው ክፍል ውስጥ ተቀመጠ፤ የእንጨቱን ሰውዬ ከጥግ አስወጥቶ፣ አቧራውን አስጠርጎ መሐል አስቁሞታል። ዘጠኙ ተማሪዎች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ተናኜ አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ ተነግሯት መስኮቱ ዘንድ ናት። ዛሬ ጋሽ ኤርሳዶ አልቀጥርም ብለው ራሳቸውን ከነቀነቁ ሲንጀሮቿ ሰኞ መኪና ላይ ይጫናሉ።

ጋሽ ኤርሳዶ ባርኔጣቸውን እንዳደረጉ ገቡ። የእንጨት ሰውዬውን ዞረው አዩት።

«ይሄ ሰውዬ አይናገርም» አሉ። «የሚናገር ይዤ መጥቻለሁ።»

በሩ ተከፈተና እትዬ ፈለቀች ገቡ፤ አዲስን በአንድ እጅ፣ ፌስታል በሌላው። ከፌስታሉ ያንን የካኪ ሱሪ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ጣሉት። ተናኜ አወቀችው። ሱሪው ጉልበቱ ላይ ነጥቷል፤ ልጁም አድጓል፣ ቢለብሰው ቁርጭምጭሚቱ ሜዳ ሊወጣ ነው።

«ያቺ ልጅ» አሉ ጋሽ ኤርሳዶ፣ ጣታቸውን ወደ ገንዘቤ እየጠቆሙ። ከዘጠኙ መርጠው አንገቷን የደፋችውን! «እንዲሆነው አድርጊ።»

ገንዘቤ ሜትሩን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ወደ ልጁ ሄደች። ሜትሩን አወረደች። ወገቡ ላይ ልታዞረው ዘረጋችው። ተናኜ በልቧ እየጮኸች ነው፤ ልጄ፣ ልጄ፣ ቆይ! ገንዘቤ ሜትሩን መልሳ ጠቀለለችው። ቀና ብላ እትዬ ፈለቀችን ዓይን ዓይናቸውን አየቻቸው።

«እትዬ፣ ከሱ በታች ልጅ አለ?»

«ሁለት ወንድ» አሉ እትዬ ፈለቀች፣ ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ዝግ ብሎ።

ጋሽ ኤርሳዶ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ገንዘቤ ግን አላየቻቸውም፤ ሱሪውን ገልብጣ ውስጡን እየመረመረች ነው። እጥፋቱን በጣቷ ዳሰሰች፣ መጋጠሚያውን ወደ ብርሃን አዙራ አየች። ከዚያ ያቺ የማትናገር ልጅ ብቻዋን እንዳለች ሁሉ ማውራት ጀመረች።

«ይሄን የሰፋው ሰው ሥራ ያውቃል» አለች። «ጨርቅ አጥሮት ነበር። ከቁራጭ ቀጥሎ፣ መጋጠሚያው ሲፈታ እንዳያስነውር ጌጥ አስመስሎ ደርቦበታል። እዩት፣ አራት ጣት ትቶልናል። አሁን ሁለቱን እፈታለሁ፣ ሁለቱ ለከርሞ ይቆያል። ታናሹ ሲለብሰው ደግሞ መልሶ ይታጠፋል፤ ስለዚህ መቀስ አላስነካውም። እንዲህ ያለ ሰፊ ቢያስተምረኝ!»

«ማነው የሰፋው?» አለ ጓድ አያሌው፣ እስክሪብቶውን አንሥቶ።

ጋሽ ኤርሳዶ ወደ መስኮቱ ዞሩ።

«አምና ክረምት አንዲት ቁልፍ ተካይ ነበረችን» አሉ።

ገንዘቤ የጋሽ ኤርሳዶን ዓይን ተከትላ ዞረችና መምህሯን አየቻት። የተናኜ እንባ አገጯ ላይ ደርሷል፤ አልጠረገችውም፣ አላፈረችበትምም።

«እርስዎ ነዎት?» አለች ገንዘቤ።

«‹ልክ የሚሰፋው ለሬሳ ነው› ብዬ ያሳበድኳት እኔ ነኝ!» ብለው እትዬ ፈለቀች ሳቁ፤ ማሠልጠኛው ግቢ ድረስ ተሰማ። «ሌባ ብያት! ይቅር በይኝ ልጄ፣ ይሄው ዓመት ሙሉ ለበሰው!»

ጓድ አያሌው ጉሮሮውን ጠረገ። «ጓድ ተናኜ፣ ይህ ትምህርት ከየትኛው መጽሐፍ ነው? ለበላይ መጻፍ አለብኝ።»

«ሾላ ብለው ይጻፉ» አለች ተናኜ።

«ዘጠኙም ሰኞ ጠዋት ይምጡልኝ» አሉ ጋሽ ኤርሳዶ። ባርኔጣቸውን አድርገው በሩ ዘንድ ሲደርሱ ቆም አሉ። «አንቺስ? ክረምት እየገባ ነው። መቁረጫው ጠረጴዛ ባዶ ነው።»

«እመጣለሁ» አለች። «ገብረዋሕድንም አናጢዎቹ ተራ ያስገቡልኝ፤ አምስት ዓመት በር ሠርቶ አንዱንም ሰው ቤት ገጥሞ አያውቅም።»

ጋሽ ኤርሳዶ ከት ብለው ሳቁና ወጡ። ኮሪደሩ ውስጥ ፔዳል የለም፣ የሚደብቃቸው መኪና የለም፤ እንዲያም ሆኖ መዝሙራቸው እስከ ግቢው በር ድረስ ጥርት ብሎ ተሰማ። ጓድ አያሌው እንዳልሰማ ሆኖ ወረቀቱ ላይ አቀርቅሮ ጻፈ። ገንዘቤ የፈታችውን ክርና ብናኝ ሳይቀር ከጠረጴዛው ለቅማ፣ ጠቅልላ፣ አስራ ለእትዬ ፈለቀች በሁለት እጇ ሰጠቻቸው።